ፔስት ለምን በቪ ሆነ?

አራት ኪሎ ጽሕፈት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

እንደምን አመሻችሁ። አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዝቅ ብሎ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰኔ ሲደርስ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች እስከ ደጅ ድረስ ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት የሚያግዘኝ አንድ ልጅ ቀጠርኩ። ልጁ ጎበዝ ነው። ችግሩ ሁሉን ነገር «ለምን?» ማለቱ ነው።

ዛሬ አንድ ምዕራፍ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው እያዘዋወርን ሳለ ኪቦርዱን ትኩር ብሎ አየና፣ «ከኮንትሮል ጋር ስንጫን ኮፒ በሲ የሆነው በሲ ስለሚጀምር ነው። ፔስት፣ መለጠፊያው፣ ግን በፒ ነው የሚጀምረው። ለምን በቪ ሆነ? መቁረጥስ ለምን በኤክስ?» አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ስጫናቸው የኖርኩ ቁልፎች ናቸው። ከመነካት ብዛት የሲና የቪ ፊደላት ተልጠው ሁለት ጥቁር ባዶ ቁልፎች ሆነዋል። መልስ ግን አልነበረኝም። «እንዲሁ ነው» አልኩት። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ማለቱ ነው የከነከነኝ።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝና ነገ ጠዋት ልመልስለት።


ቡና ጠጪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:26

ፒ የፕሪንት ነው፤ ተይዟል። ቀጣይ ጥያቄ።


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:58

ቡና ጠጪ ያለው ውሸት አይደለም፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

ቁልፎቹን የመረጠው ላሪ ቴስለር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ፓሎ አልቶ ባለው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ቲም ሞት ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ጂፕሲ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ቆርጦ መለጠፍ፣ ቀድቶ መለጠፍ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚያ ነው። ቴስለር በ1980 ወደ አፕል ተሻገረ። በ1983 ገበያ ላይ የዋለው ሊዛ የተባለው ኮምፒውተር ሲሠራ ለእነዚህ ሥራዎች ፊደል የመረጠላቸው እሱ ነው።

እስኪ ኪቦርድዎን ይመልከቱ። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ በታችኛው ረድፍ በግራ በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀኝ እጅ ማውዝ ይዟል፤ ግራ እጅ ከማዘዣው ቁልፍ ሳይርቅ አራቱንም ይደርስባቸዋል። ፒ ያለው በስተቀኝ ዳር ስለሆነ፣ ፔስት በፒ ቢሆን ኖሮ በለጠፍን ቁጥር ማውዙን መልቀቅ ነበረብን። ቅርጻቸውንም አስቦበታል። ኤክስ የተሰረዘ ቃል ላይ የምናደርገው የመስቀል ምልክት ነው። ቪ ደግሞ አራሚዎች «እዚህ ቦታ ቃል ይግባ» ለማለት የሚያሰምሩት ምልክት ተገልብጦ ነው። ሲ በኮፒነቷ ጸናች። ዜድ ከአጠገባቸው ናት፤ የሠሩትን መሻር ለእሷ ደረሳት።

በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ አራቱንም ወረሰ፤ ከዚያ ወደ ዊንዶውስ ተሻገሩ። ቴስለር በየካቲት 2020 በ74 ዓመቱ ሲያርፍ የዓለም ጋዜጦች «የቆርጦ መለጠፍ አባት» ብለው ነው የጻፉለት።


አራሚው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ስለ ቪ የተጻፈውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፕሩፍ አርሜያለሁ። ፊደል ለቃሚው አንድ ቃል ከዘለለ፣ ቃሉ ሊገባበት ከሚገባው ቦታ በታች እንደ ጎጆ ክዳን ያለች ምልክት በቀይ እስክሪብቶ አሰምርና የተዘለለውን ቃል ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ። እኛ «ጎጆዋ» ነበር የምንላት። «እዚህ ጋ ጎጆ ሥራበት» ይለኝ ነበር አለቃዬ። ጎጆዋን ገልብጧት፤ ቪ ናት። ስለዚህ ኮምፒውተር ከመጣ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የምትጫኑት የተገለበጠች ጎጆዬን ነው።

መቁረጥና መለጠፍም ስም ብቻ አልነበረም። በፊልም የሚታተም ሥራ ሲመጣ የጽሑፉን ቁራጮች በመቀስ እየቆረጥን፣ ገጹ በተሰመረበት ወፍራም ወረቀት ላይ በሙጫ እንለጥፍ ነበር። አንዲት ዐረፍተ ነገር ቦታዋን ትቀይር ከተባለ መቀሱ እንደገና ይነሣል። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ከጠረጴዛ ሥር ከወደቀች ደግሞ ሦስት ሰው ተንበርክኮ ይፈልጋታል። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው የመታሰቢያ ጽሑፍ የመጨረሻ መስመር ጠፍታ፣ ከተላላኪው ጫማ ሥር ተለጥፋ አገኘናት።


ተጠራጣሪው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ፣ የጎጆዋ ነገር ደስ ይላል፤ ግን የተማሪው ታሪክ ከሥራው በኋላ የተሰፋ ጥብቆ እንዳይሆን እፈራለሁ። እኔ በመጀመሪያ የተማርኩት ዊንዶውስ ላይ መለጠፊያው ሽፍትና ኢንሰርት ነበር። ቪ የሚባል ነገር አላስታውስም። ፊደሎቹ በቅርጻቸውና በቦታቸው ያን ያህል ግልጽ ከነበሩ ማይክሮሶፍት ከመጀመሪያው ለምን አልያዛቸውም?


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:04

ትክክል ያስታውሳሉ። አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ በ1987 ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ እንዲይዙ የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። በደንቡ መቁረጥ ሽፍትና ዲሊት፣ መቅዳት ኮንትሮልና ኢንሰርት፣ መለጠፍ ሽፍትና ኢንሰርት ነው። ኤፍ 1 ለእርዳታ፣ ኦልትና ኤፍ 4 መስኮት ለመዝጋት የሆኑትም በዚያው ደንብ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ የአይቢኤም ሸሪክ ስለነበር ተከተለው። የአፕሎቹን ፊደላት ወደ ዊንዶውስ ያስገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የቀድሞዎቹንም አላጠፋቸውም። አሁኑኑ ይሞክሯቸው፤ ይሠራሉ።


አራት ኪሎ ጽሕፈት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

ሽፍትና ኢንሰርት ሞከርኩ። ለጠፈልኝ! አሥራ አራት ዓመት በቤቴ የተቀመጠ እንግዳ።

ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። «ቀኝ እጅ ማውዝ ይዟል» ተባለ። እኔ ስጽፍ ማውዝ አልይዝም። ሁለቱም እጆቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው፤ ዓይኔ ደንበኛው በእጅ የጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ይህ ቴስለር የተባለው ሰው አንድ ቀን እንኳ ከጸሐፊ አጠገብ ተቀምጦ ያውቃል?


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ተቀምጦ ያውቃል። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ፕሮግራሙን ከመሥራቱ በፊት፣ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ባዶ ስክሪን ፊት ለፊት አስቀመጠ። በእጅ የታረመ ወረቀት ሰጣትና፣ «ጽሑፉ እዚህ ስክሪን ላይ አለ እንበል፤ እነዚህን እርማቶች እንዴት ብታደርጊያቸው ደስ ይልሻል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ምንም በሌለበት መስታወት ላይ እያመለከተች ነገረችው፦ እዚህ ጋ አመልክቼ የጎደለውን እጽፋለሁ፣ እዚህ ጋ ከዚህ እስከዚያ ይዤ አጠፋለሁ። እሱ ማስታወሻ ያዘ። ጂፕሲም ቢሆን የተሠራው በዜሮክስ ሥር ለነበረ ጊን ለተባለ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እንደ ጋሼ አራሚው ያሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ችግር ለማየት ብራቮ የሚባለውን፣ እዚያው ማዕከል ውስጥ የተሠራውን ፕሮግራም ማወቅ ያስፈልጋል። ብራቮ ሁለት ጠባይ ነበረው። በአንዱ ጠባይ ላይ ሆነው ፊደል ሲነኩ ይጻፋል። በሌላው ላይ ሆነው ሲነኩ ፊደሉ ትእዛዝ ይሆናል። በትእዛዝ ጠባይ ላይ መሆኑን የዘነጋ ሰው «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢጽፍ፣ ኢ ሰነዱን በሙሉ ትመርጣለች፤ ዲ ታጠፋዋለች፤ አይ የመጻፊያውን ጠባይ ትከፍታለች፤ ቲ ትጻፋለች። የሳምንት ሥራ ሄዶ አንዲት ቲ ስክሪኑ ላይ ትቀራለች። ቴስለር እንዲህ ያለውን ጠባይ መቀያየር ዕድሜ ልኩን ተዋጋው። የመኪናው ሰሌዳ ላይ ሳይቀር «ኖ ሞድስ»፣ «ጠባይ አይኑር» ብሎ አስጽፎ ነበር።


አራት ኪሎ ጽሕፈት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ያቺን ጸሐፊ ባገኛት ቡና እጋብዛት ነበር።

የጠባዩ ነገር ደግሞ በየቀኑ ይደርስብኛል። ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምመልሰው በኦልትና ሽፍት ነው። ደንበኛ ሲያዋራኝ እጄ ሳያውቀው ይነካቸውና ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ስለሆነ አላይም። ግማሽ ገጽ ጽፌ ቀና ስል «ለጠቅላይ ፍርድ ቤት» ብዬ የጀመርኩት ሁሉ በላቲን ፊደል ተቀቅሏል። ያኔ ዜድ ምን ያደርጋል፣ እንደገና መጻፍ ነው። ቴስለር ይህን ሳያይ ማለፉ ለእሱ ዕረፍት ነው።


የድሮ ታይፒስት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

ልጆቼ፣ ትናንት ተኝቼ ነው ያመለጣችሁኝ።

እኔ የሠራሁት በጽሕፈት መኪና ነው፤ ጡረታ እስክወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ። ሽፍት ለምን ሽፍት እንደተባለ ታውቃላችሁ? በኮምፒውተር ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ስሙ ባዶ ሆኖባችኋል። በጽሕፈት መኪና ሽፍትን ስትጫኑ ከውስጥ ያለው ብረት በሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በእያንዳንዱ መዶሻ ጫፍ ላይ ሁለት ፊደል ተቀርጿል፤ ሽፍት ሁለተኛው ፊደል ወረቀቱን እንዲያገኝ ያደርገዋል። የትንሿ ጣት ጉልበት ነው የሚሠራው። ማታ ቤት ስገባ እንጀራ ለመቁረስ ትንሿ ጣቴ እምቢ ትለኝ ነበር።

ኢንተር የምትሉትም መመለሻ ነው። መስመር ሊያልቅ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ደወል ትጮኻለች፤ «ቂል!» ትላለች። ያኔ በግራ በኩል ያለውን ክንድ ይዘሽ ሠረገላውን ወደ ቀኝ ትገፊዋለሽ። ሃያ ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሲመቱ የደወሉ ድምፅ እንደ ቅዳሴ ነበር።

በአማርኛው መኪና ደግሞ ለሁሉም ፊደል የሚበቃ ቁልፍ የለም። የፊደሉን አካል እንመታና እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ እንቀጥልበታለን። ቅጥያው ከአካሉ ትንሽ ከራቀ «ሉ» የምትለው ፊደል ጆሮዋን የተቆረጠች ትመስላለች። የመጀመሪያውን የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ያሰበው ኢንጂነር አያና ብሩ ነው፤ ይህን እኛ ስንሠለጥን ነው የተነገረን። በላዩ ላይ ካርቦን ወረቀት አድርገን ሦስት ቅጂ እናወጣለን። ኮንትሮል ሲ የምትሉት የእኛ ካርቦን ነው። ዜድ ግን አልነበረንም፤ ስሕተት አራቱንም ወረቀት በላጲስ ያስፍቃል።


ቡና ጠጪ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:22

እትዬ፣ ዜድ ባይኖርም ደወል ነበረልዎት። የእኛ ኮምፒውተር ስሕተት ላይ ስንሆን አያስጠነቅቅም።


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

ደወሏ ግን አልጠፋችም! ኮንትሮል የሚባለው ቁልፍ የተወለደውም ከእሷ ጋር አብሮ ነው፤ ታገሡኝና ላስረዳ።

ከኮምፒውተር ስክሪን በፊት ቴሌታይፕ ነበር። በሽቦ ከሩቅ የሚመጣ መልእክት ራሱ የሚጽፍ የጽሕፈት መኪና ነው። ፊደላቱ በሽቦው የሚጓዙት በቁጥር ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የሚባለው የቁጥር ሠንጠረዥ ለላቲኗ ኤ 65፣ ለቢ 66፣ ለሲ 67 እያለ ይሰጣል። ከ32 በታች ያሉት ቁጥሮች ግን ለፊደል አልተሰጡም፤ ለማሽኑ ለራሱ የሚነገሩ ትእዛዞች ናቸው። 7 ደወል ምታ ነው። 9 ወደ ታብ ዝለል ነው። 13 ሠረገላውን መልስ ነው፤ እትዬ በክንዳቸው የሚገፉት ማለት ነው።

ታዲያ ከ32 በታች ያለው ቁጥር ምን ቁልፍ አለው? ኮንትሮል ይህን የሚፈታ ነው። ኮንትሮልን ይዘው ፊደል ሲጫኑ ከፊደሉ ቁጥር 64 ይቀነሳል። ጂ 71 ናት፤ 64 ሲቀነስ 7። ስለዚህ ኮንትሮል ጂ በሌላ ከተማ ያለው ማሽን ላይ ደወል ያስጮኻል። ኤም 77 ናት፤ 64 ሲቀነስ 13፣ ሠረገላ መላሿ። ሲ 67 ናት፤ 3 ትሆናለች። 3 «ጽሑፉ አለቀ» ማለት ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ኮንትሮል ሲን የሚጫኑት ለመቅዳት ሳይሆን የሚሮጠውን ፕሮግራም ለማስቆም የሆነው ለዚህ ነው። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሕይወት አለው፤ አንዱ ከቴሌታይፕ፣ አንዱ ከቴስለር። አፕል ችግሩ አልገጠመውም፤ ለትእዛዝ የራሱን ሌላ ቁልፍ ስለሠራ። ማይክሮሶፍት ግን ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ላይ አጋባቸው።

እትዬ፣ በዚያው ጥቁር መስኮት ውስጥ ሰባተኛዋ ቁጥር ስትላክ ዛሬም ኮምፒውተሩ ድምፅ ያሰማል።


የድሮ ታይፒስት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:34

የልጅ ልጄን ጠርቼ አስደረግሁት። ጮኸች። እንደ እኛዋ አይደለችም፤ ግን ጮኸች።


ብሎን ፈቺ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:45

ስለ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ዲሊት ማንም አላነሣም? እኔ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነው። ፒያሳ ውስጥ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች እጠግን ነበር።


ቡና ጠጪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:51

እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። ቢል ጌትስ የፈጠረው ነው።


ብሎን ፈቺ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

አይደለም። የፈጠረው ዴቪድ ብራድሌይ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለመሥራት ፍሎሪዳ፣ ቦካ ራተን ውስጥ ጥቂት መሐንዲሶች ሰብስቦ ነበር። ኮምፒውተሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ነው፤ በእኛ 1973። ፕሮግራም ሲሞክሩ ማሽኑ በየጊዜው ቆሞ ይቀራል። አጥፍቶ ማብራት ጊዜ ይፈጃል፤ ማኅደረ ትውስታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይፈትሻል። ብራድሌይ ማሽኑን ሳያጠፋ የሚያስነሣ የቁልፍ ጥምረት ጻፈ። በመጀመሪያ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ኤስኬፕ ነበር። ሦስቱም በግራ በኩል ስለሆኑ አንድ እጅ ሳያስበው ሊነካቸው ይችላል። ስለዚህ ኤስኬፕን አውጥቶ በቀኝ ዳር ያለችውን ዲሊት አስገባ። አሁን ሁለት እጅ የግድ ሆነ። እኅቴ ልጁ ሲጠይቅሽ ይህን ንገሪው፦ መለጠፊያው በአንድ እጅ እንዲደረስበት ተቀራረበ፤ ይኼኛው በአንድ እጅ እንዳይደረስበት ተራራቀ።

ጥምረቱ ለመሐንዲሶቹ ብቻ የታሰበ ነበር። በኋላ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ገባና ዓለም ያዘው። ጌትስ የሚገባው እዚህ ነው፤ በ1993 በወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ላይ ለመግቢያ አደረገው። የይለፍ ቃል መጠየቂያ መስሎ የሚያታልል ፕሮግራም ያንን ጥምረት ሊጠልፈው ስለማይችል ነው። በ2001 የአይቢኤም ኮምፒውተር ሃያኛ ዓመት ሲከበር ብራድሌይና ጌትስ አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው ሳለ ብራድሌይ ምን አለ? «እኔ ፈጥሬው ሊሆን ይችላል፤ ዝነኛ ያደረገው ግን ቢል ይመስለኛል።» አዳራሹ ሳቀ፤ ጌትስ እምብዛም አልሳቀም። በ2013 ደግሞ ራሱ ጌትስ ነገሩ ስሕተት እንደነበር፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆን ይመርጥ እንደነበር ሃርቫርድ ላይ ተናግሯል።

የራሴን ልጨምር። ዊንዶውስ 98 ላይ አንድ ጊዜ ብትጫኑት የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያሳያል። ሁለት ጊዜ ከተጫናችሁ ያለ ምንም ጥያቄ ማሽኑን ያስነሣዋል። አንዲት ልጅ ውጭ አገር ላለ ወንድሟ በሰዓት እየከፈለች ረጅም ደብዳቤ ስትጽፍ ማሽኑ ቆሞ ቀረባት። ጠራችኝ። ተጫንኩ። ዝርዝሩ ለመውጣት ዘገየ። ትዕግሥት አጣሁና ደገምኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የሰዓቱን አላስከፈልናትም፤ እሷ ግን ያንን ደብዳቤ እንደገና አልጻፈችውም፣ ቢያንስ እኛ ቤት።


የሜክሲኮ ሠዓሊ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

የአፕል ትእዛዝ ቁልፍ ከተነሣ ምልክቱን ልብ ብላችኋል? አራት ማዕዘን ሆኖ በየጥጉ ቀለበት ያለው። መጀመሪያ ሳየው ከብራና መጽሐፍ ሐረግ ላይ የተቆረጠ ነበር የመሰለኝ። የመጣው ግን ከስዊድን ነው። በማኪንቶሽ ዝግጅት ወቅት በየትእዛዙ ጎን የአፕል ዓርማ ይታይ ነበር፤ ስቲቭ ጆብስ አርማችንን አረከሳችሁት ብሎ ተቆጣ። ሥዕሎቹን የምትሠራው ሱዛን ኬር የምልክቶች መዝገብ ስታገላብጥ፣ ስዊድን ውስጥ ሊጎበኝ የሚገባውን ቦታ የሚያመለክተውን ይህን ምልክት አገኘች። እሱ ገባ። እኔ ግን ዛሬም ሐረግ ነው የማየው።


ተጠራጣሪው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ኤስኬፕ ደግሞ የቦብ ቢመር ነው፤ በ1960 አይቢኤም ውስጥ። ካንዱ የቁጥር ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ማምለጫ ነበር እንጂ ከጨዋታ መውጫ አልነበረም። አመንኩላችሁ፤ ተማሪው ያለው ሁሉ ተያያዥ ነው።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልሱልኝ። ከአሮጌ ፋይል አማርኛ ቀድቼ ስለጥፍ ለምንድን ነው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ የሚወጣው? ቅጂ ከሆነ ያየሁትን አይደለም ወይ መለጠፍ ያለበት?


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

መቅዳት የሚያነሣው ቅርጹን ሳይሆን ቁጥሩን ስለሆነ ነው። ድሮ የአማርኛ ፊደል የራሱ ቁጥር አልነበረውም። የፊደል ሠሪዎቹ የእኛን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ «ሰ» የሚታየው ነገር ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ነው። ፊደሎቻችን ደግሞ ከ256 ስለሚበልጡ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ይከፋፈላሉ። ፎንቱ የሌለበት ቦታ ሲለጥፉት ቁጥሩ በላቲን ልብሱ ይወጣል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር የሰጠው። ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632፤ በየስምንቱ ይሄዳል፤ ለሰባቱ ቤትና ለአንድ ትርፍ።


አራሚው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ኮንትሮል ኤፍ ብዬ «ፀሐይ» ስፈልግ «ጸሐይ» ተብሎ የተጻፈውን የሚዘለው ለዚሁ ነው?


ተማሪ ከአምስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:06

ለዚሁ ነው ጋሼ። ጸ 4920፣ ፀ 4928። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ በስምንት ይራራቃሉ። አራት ጊዜ መፈለግ ነው፤ ሐም ሀ ሆኖ ሊጻፍ ይችላልና።


አራሚው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:09

እንግዲያው አራሚ አይፈታም።


አራት ኪሎ ጽሕፈት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:05

ዛሬ ጠዋት ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት። የተገለበጠችውን ጎጆ፣ ጸሐፊዋን፣ ደወሏን፣ የብራድሌይን ሁለት እጅ። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «እኔ ግን በሌላ መንገድ ነው የያዝኳቸው» አለኝ። በድምፅ በሚተየበው የአማርኛ አቀማመጥ ዜድ ዝ ናት፣ ኤክስ ሽ ናት፣ ሲ ች ናት፣ ቪ ቭ ናት። ልጁ እንግሊዝኛውን ሳይሆን እነዚህን ነው የሚያየው። «ዘ ይመልሳል፣ ሸ ይቆርጣል፣ ቸ ይቀዳል፣ ቨ ይለጥፋል» እያለ ለራሱ በዜማ ይላታል። ቸ ለምን ይቀዳል ስለው፣ «ቸር ስለሆነ፤ ሰጥቶም አያልቅበትም» አለኝ። ቴስለርም ቢሆን ይህን አላሰበውም።

ከዚያ ወጥቼ አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ። ሁሉም ፊደል ይታያል። አሮጌውን ልጁ ለመለማመጃ ቤቱ ልውሰደው አለኝ፤ ሰጠሁት። ሲና ቪ ባዶ ናቸው ብለው፣ «የት እንዳሉ አውቃለሁ» ብሎ በፌስታል ጠቀለለው።


ብሎን ፈቺ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:19

ዲሊቷ ትሠራለች?


አራት ኪሎ ጽሕፈት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:21

አትሠራም።


ብሎን ፈቺ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:22

ቅዳሜ ይዞልኝ ይምጣ።